የመስከረም ሁለት ዳቦ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የተወለደበት ቀን የጠፋበት ሰው ሁሉ ካሳነሽ ዘንድ ይሄዳል። በሬ የጠፋበት ወደ ጠንቋይ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ካሳነሽ ጥቁር ዶሮ አምጣ አትልም። መታወቂያ ከሚሰጥበት ቢሮ ማዶ፣ ግንቡን ተደግፋ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ባሏ ቢተው የባና ሸማኔ ነው፤ እሷ የበጉን ፀጉር ትፈትላለች፣ እሱ ባና የሚባለውን ለመንዝ ብርድ የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራዋል። እጇ ከፀጉሩ፣ አፏ ከወሬው፣ ዓይኗ ከመንገዱ ተነቅሎ አያውቅም። ማን ከማን ጋር ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ እንደ ወረደ ከረዳቱ ቀድማ ታውቃለች።

ዲጂታል መታወቂያ የሚባለው ከመጣ ወዲህ የእሷ ወረፋ ከቢሮው ወረፋ አይተናነስም። ኮምፒዩተሩ ቀን ይጠይቃላ። ዓመቱንስ ሰው በግምት ይወረውራል፣ ቀኑን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ሁሉም «መስከረም አንድ» ይላል። መዝጋቢዋ ቤተል፣ ጥፍሯን ቀለም የምትቀባዋ፣ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ፣

«እትዬ ካሳነሽ፣ በኮምፒዩተሩ ከሄድንማ መስከረም አንድ ቀን የመንዝ ሴት በሙሉ ምጥ ላይ ነበረች። አዋላጅ ማን ነበረ?» አለቻት።

ካሳነሽ ነገሩን አትወደውም። «እንቁጣጣሽ የራሷ ቀን አላት፤ የሰው ልደት ለምን ታሸክሟታላችሁ» ትላለች።

እሷ ቀን የምታወጣበት መላ ሌላ ነው። ሰውዬውን ስለ ልጁ አትጠይቀውም፤ ስለ አገሩ ነው የምትጠይቀው። ሬዲዮው ምን ይል ነበር? ማን አሸነፈ? ማን ከወንበሩ ወረደ? ምን ፊልም መጥቶ ነበር? ያን ሁሉ ከነዕለቱ በቃሏ ይዛዋለች። ወሰኔ የሚባል የቀየት አገር ገበሬ በቀደም መጥቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ «የልጄን ልደት ፈልጊልኝ» አላት።

«ሲወለድ ምን ነበረ?»

«ምን ይኖራል፤ ገብስ ነበረ።»

«ገብስማ ምን ጊዜም አለ። አንተ የት ነበርክ?»

ወሰኔ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እዚሁ። ቅዳሜ በግ ሸጬ፣ አድሬ ልሄድ ስል፣ ኢትዮጵያና ሱዳን ይጫወታሉ ብለው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አስገቡኝ።»

«ሁለት ለዜሮ? ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት?»

«ይመስለኛል። ሰው እየተቃቀፈ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ሚስቴ ተገላግላለች።»

«ጥቅምት አራት፣ ሁለት ሺህ አምስት፣ እሑድ። ሚስትህም እስከ ዛሬ ይቅር አላለችህም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ፊትህ ላይ ነው ያለው። ሂድ ተመዝገብ።»

የጥሩሸዋን ልጅ ልደት ደግሞ በህንድ ፊልም ነው ያገኘችላት። የመጀመሪያው ቪዲዮ ቤት በጄኔሬተር የተከፈተ ዕለት ጥሩሸዋ ሆዷን ይዛ ገባች፤ አክተሩ እናቱን ሲቀብር ከሰው ሁሉ ጋር ስታነባ ምጥ መጣባት። ካሳነሽ፣ «ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሚካኤል። ልጅሽ በሆነ ባልሆነው የምታለቅሰው ለዚህ ነው» አለቻት።

በዓልም እንደ ሰው ሲሞት አይታለች። ለግንቦት ሃያ ስንት ዳስ ተጥሎ፣ ስንት ሰንጋ ወድቆ፣ ዛሬ ሰው ገበያ ውሎበት ይመለሳል። መስከረም ሁለትማ፣ የደርግ የአብዮት በዓል፣ ከሱ ቀድሞ ነው የተቀበረው። «ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣለታል። በዓል ሲሞት ግን፣ ጓዶች፣ አጨብጫቢው እንኳ ለቅሶ አይደርስም» ትላለች፣ አገጯን ሽቅብ ቀስራ፣ በዚያ ዘመን ካድሬ ድምፅ። ሰው ይሥቃል። እሷ ግን የመስከረም ሁለትን ተዝካር በየዓመቱ ታወጣለች፤ ይህን ሰፈሩ ያውቃል። የማያውቀው፣ የራሷ መታወቂያ ላይ ያለውን ነው። ቤተል ናት ያወጣችው፤ እኔ አላልኩም። ልደቷ «መስከረም 2» ተብሎ ተጽፏል። ቤተል፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ብትላት፣ «ቀኑን እርግጠኛ ነኝ፤ ዓመቱን አንቺ ገምቺ» አለቻት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰባ ሰባት፣ አብዮቱ ዐሥር ዓመት የሞላው ጊዜ፣ ካሳነሽ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዝናብ ከድቶ፣ ሰው አሹቅ ለልጆቹ በፍሬ የሚያካፍልበት ዓመት ነው። ከላይ ግን በዓሉ ይድመቅ ተብሏል። ተማሪው ሜዳው ላይ ቆሞ «10» የሚል ቁጥር ይሥራ ተባለ። የስፖርት አስተማሪው በኖራ አሰመረ፤ ኖራው ሲያልቅበት በአመድ ጨረሰው። ከደብረ ብርሃን የመጣ ፎቶ አንሺ ጭነት መኪና ላይ ተሰቀለ። አስተማሪው በድምፅ ማጉያ፣ «ዜሮዋ ከስታለች፤ ዜሮዋ ትወፍር» ይላል። ያልከሳ ማን ነበርና። በዚያ ላይ ከግሼ ይመጣሉ የተባሉት ልጆች ቀሩ፤ አንድ ቁጥሯ አጠረች። አስተማሪው ካሳነሽን ከዜሮዋ መዝዞ የአንድ ቁጥሯ ግርጌ ላይ ተከላት። አጠገቧ ምንተስኖት ቆሞ ነበር።

ምንተስኖት ሰንበሌጥ የመሰለ፣ ጆሮው የተገተረ፣ የዳይሬክተሩን ሳል ከዳይሬክተሩ አስበልጦ የሚስል ልጅ ነው። ለሰልፈኛው ሁሉ አንድ አንድ ዳቦ ታደለ። ካሳነሽ እንደምታወራው፣ የሷ ድርሻ ዜሮዋ ውስጥ ቀረ። ምንተስኖት የራሱን አውጥቶ ሰጣት። «በዐሥራ አንደኛው ትመልሽልኛለሽ» አላት። በላችው። ሥሩ አሯል፤ ያ ያረረው ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሷ ላይ አለ።

ታኅሣሥ ላይ የምንተስኖት አባት ስም ከሰፈራ ዝርዝር ገባ። ኢሉባቦር። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ምንተስኖት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ በአስተማሪው ድምፅ፣ «ዜሮዋ ትወፍር» አላት። እሷም ሣቀች። ያ ሣቅ ነው የሚቆጫት። «ሰው እንዴት በመጨረሻው ይሥቃል?» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ዐሥራ አንደኛው መጣ። ዳቦ ጋግራ ሜዳው ላይ ቆመች፤ አልመጣም። ዐሥራ ሁለተኛውም፣ ዐሥራ ሦስተኛውም። በሰማንያ ቢተውን አገባች፤ መስከረም ሁለትን ግን አልተወችም። ደርግ ወደቀ፣ በዓሉ ቀረ፣ ሜዳው ግማሹ ቢሮ ሆነ፤ እሷ በጠዋት አንድ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ አንድ ቁጥሯ የነበረችበት ቦታ ቆማ፣ ቀትር ሲሆን ትመለሳለች። የተመለሰውን ዳቦ በሻይ የሚበላው ቢተው ነው።

ቢተው ቅናት የማያውቀው፣ ነገር ግን አሽሙር የማያልቅበት ሰው ነው። «ሂጂ ሂጂ፣ ጓድ ምንተስኖት እንዳይጠብቅ» ይላታል ከሽመናው ጉድጓድ ሆኖ። «እኔም እኮ ያን ቀን ነበርኩ፤ ዜሮዋ ውስጥ፣ ካንቺ ፊት ለፊት።»

«አላስታውስህም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ‹አላስታውስህም›።»

«ዜሮ ውስጥ ያለ ሰው ማን ያያል?»

ቢተው መወርወሪያውን ይወረውራል።

እንግዲህ የዘንድሮው ጳጉሜን አራት ነው። አንዲት ቀጭን ወጣት ወደ ካሳነሽ መጣች፤ ጆሮዋ ተገትሯል። ካሳነሽ ጆሮውን ማየቷን በኋላ ነው የተናገረችው፤ ያኔ እንዝርቷ ላይ ነበረች።

«እርስዎ ነዎት አሉ ልደት የሚያወጡት?»

«እኔ ነኝ፤ ቁጭ በይ። ከየት ነሽ? አነጋገርሽ የዚህ አይደለም።»

«ከኢሉባቦር ነኝ። ባሌ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራል። እዚህ ዘመሮ የአባቴ ዘመዶች አሉ፤ ልጠይቃቸው መጥቼ፣ በዚያው መታወቂያ ላውጣ ብዬ ነው። ማዕረግ እባላለሁ።»

ኢሉባቦር ስትላት እንዝርቱ ቆመ። ኢሉባቦር ሰፊ አገር ነው፤ ከመንዝ የሄደውም ብዙ ነው። ካሳነሽ ራሷን ገሠጸችና እንዝርቷን አሾረች።

«ስትወለጂ ምን ነበረ?»

«ሲድኒ ኦሎምፒክ ነበረ ብለውኛል። እናቴን ምጥ ይዟት አባቴ ሬዲዮ ይዞ ሲሯሯጥ፣ ዐሥር ሺሁን አሸነፍን ሲባል እኔም ወጣሁ።»

«ዐሥር ሺሁን ሁለቴ ነው ያሸነፍነው። ወንድ ነበረ ወይስ ሴት?»

«ሴት። ለዚያ ነው አባቴ ማዕረግ ያለኝ።»

«መስከረም ሃያ፣ ዘጠና ሦስት፣ ቅዳሜ። ሃያ አምስት ሊሞላሽ ሦስት ሳምንት ነው የቀረሽ» አለች ካሳነሽ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የአባት ስም?» አለች። ይህ የቤተል ጥያቄ ነው፤ ካሳነሽ ጠይቃው አታውቅም።

«ምንተስኖት።»

ካሳነሽ የፈተለችው ክር ተበጠሰ። ጎንበስ ብላ ፈልጋ ቀጠለችው፤ ለመቀጠል ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች።

«ደኅና ነው?»

«ዐርፏል፣ እማማ። ሦስት ዓመት ሆነው። በሐምሌ አቦ ማግስት።»

ሐምሌ ስድስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት። ካሳነሽ ቀኑን ማስላት የምትተወው ስትሞት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን መስከረሞች አሰበች፦ ሦስት ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እዚያ ሜዳ ላይ፣ መንገድ መንገዱን እያየች የቆመችው ለሟች ነው። አላለቀሰችም። «አይ ምንተስኖት፣ አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን አለበት» አለች።

ማዕረግ ደነገጠች። «ያውቁታል?»

«አብረን ቁጥር ነበርን» አለቻትና ታሪኩን ነገረቻት። ዳቦው ላይ ስትደርስ ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች።

«እማማ፣ ያ ዳቦ የእርስዎ ነው እንዴ? አባቴ እኮ መስከረም ሁለት በመጣ ቁጥር አንድ ዳቦ ገዝቶ መንገድ ላይ ላገኘው ሕፃን ይሰጥ ነበር። የምን ነው ስንለው፣ ‹የአንዲት የመንዝ ልጅ ነው፤ ዳቦዋን ሰጠችኝ፣ በዐሥራ አንደኛው እመልስልሻለሁ ብያት ጠፋሁ› ይለናል። ታሞም፣ ‹የሰው ዳቦ በሆዴ ይዤ ልሄድ ነው› ይል ነበር። እሱ ይሥቃል፤ እኛ ግን አልሣቅንም።»

«ተሳስቷል» አለች ካሳነሽ። «የሰጠኝ እሱ ነው። እኔ ነኝ የበላሁት፤ ሥሩ ያረረ ነበር። አባትሽ ቀን አያውቅ፣ ነገር አያስታውስ፤ ድሮም ፈተና በኩረጃ ነው የሚያልፈው።»

«እንጃ፣ ሁሌ ነው እንደዚያ የሚለው።»

ያን ዕለት ካሳነሽ ወደ ዘመሮ አልሰደደቻትም። «ለዘመዶችሽ ስልክ ደውዪ፤ ዓመት በዓሉን እኔ ዘንድ ነሽ» አለቻት። ማታ ቢተው ልጅቷን ከጆሮዋ ጀምሮ አየና፣ «ቁርጥ እሱን» አለ። ካሳነሽ ሙግቱን ለባሏ አቀረበችለት፤ ማን ለማን ሰጠ? ቢተው ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። «እኔ ዜሮ ነኝ፤ ዜሮ ይመሰክራል እንዴ?» አለና ሌላ ወሬ አነሣ።

እንቁጣጣሽ አለፈ። መስከረም ሁለት በጠዋት ካሳነሽና ማዕረግ ወደ ሜዳው ወጡ። ሌሊቱን አመዳይ ወርዶበት ሣሩ ነጥቷል። አንድ ጥግ ላይ ሁለት በጎች ይግጣሉ፤ የኳሱ ጎል ተጋድሟል። ካሳነሽ ከጎሉ ወዲህ በእርምጃ ለካችና ቆመች።

«አባትሽ እዚህ። እኔ እዚህ። ዜሮዋ ከዚያ እስከዚያ። ፎቶ አንሺው እዚያ ላይ።»

ማዕረግ የአባቷ ቦታ ላይ ቆመች። እጆቿን በጎንና በጎኗ አጣብቃ፣ ሳታውቀው፣ እንደ ሰልፈኛ። ካሳነሽ ፊቷን ወደ መኪናው መንገድ አዞረች። አርባ አንድ ዓመት ያየችው መንገድ ነው፤ ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኗ ቆሟል። ነጠላዋን ፈታ ዳቦውን አወጣች።

«እንኪ ልጄ። የአባትሽ ነው። ብዪልኝ፤ ዓይኔ እያየ።»

ማዕረግ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ግን አልቆረሰችም። «እማማ፣ አይቀየሙኝ። ዛሬ ዓርብ ነው። ቀትር እስኪሆን እጾማለሁ፤ ይዤው ልቆይ።»

«ዓርብ ነው ለካ» አለች ካሳነሽ።

ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አእምሮዋ ወደ ኋላ ሄደ። ዘንድሮ ዓርብ። አምና ሐሙስ። ሰባ ሰባት... ሰባ ሰባት ረቡዕ።

ረቡዕ።

ዕለቱን መቼም ረስታው አታውቅም። ማንም ቢጠይቃት ትመልሳለች። ግን ረቡዕንና ዳቦውን አንድ ላይ አስቀምጣቸው አታውቅም። ያን ቀን ከሰልፍ ስትመለስ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋት። ዳቦ ታደለ የሚለውን ወሬ ሰምተዋል። አገጯን ይዘው አፏን አሸተቱ። «ጾምሽን ገደፍሽ?» አሏት። «በማርያም፣ ውኃም አልቀመስኩ» አለች። በማርያም ምላ ዋሽታ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸችም። ስትምል ልቧ ንጹሕ እንደ ነበረ ዛሬም ታስታውሳለች። ሆዷ ባዶ እንደ ነበረም።

ታዲያ ያ ጣዕም ከየት መጣ? ያ ያረረው ሥሩ? ያን የበላው ሌላ ሰው ነው፤ እየበላ «አሯል» ያላት። ረኀብ ከጾም የበለጠበት፣ ጆሮው የተገተረ ልጅ። የሷ ድርሻ ዜሮዋ ውስጥ አልቀረም፤ እጇ ላይ ነበረ፤ እስከ ቀትር ልትይዘው። ሰጠችው። ያን ሁሉ ዘመን ስትጋግርና ስትጠብቅ ኖራ፣ የምትጠብቀው የራሷን ዳቦ ነው። የሰው ሁሉ ቀን አዋቂ፣ የራሷን አንድ ቀን ገልብጣ ይዛው ኖረች። ምናልባት ሰጥቶ ከመቅረት ተቀብሎ መቅረት ለናፍቆት ይመቻል፤ ብድሩን ያልመለሰ ሰው በየዓመቱ የሚሄድበት ቦታ አለው።

«ምነው እማማ?» አለች ማዕረግ። ዳቦውን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። «አባቴ ነው አይደል የተሳሳተው?»

ካሳነሽ ለማንም የውሸት ቀን ሰጥታ አታውቅም፣ ከራሷ በቀር። ልጅቷን አየቻት። «የሰው ዳቦ በሆዴ ይዤ» ያለው ሰውዬ በልጁ ዓይን ውስጥ ቆሞ መልሷን ይጠብቃል።

«አባትሽ ነው የተሳሳተው» አለች። «የሰጠኝ እሱ ነው። ማንም የማንንም ዳቦ ይዞ አልሄደም፤ እኔ ነኝ የቆየሁበት። ቀትር ሲሆን ብዪው።»

ማዕረግ ትንፋሿን ለቀቀች። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ልጅቷ ስለ አባቷ እያወራች፣ ሲያስል የማንን ሳል እንደሚስል፣ ቤት ውስጥ ጮክ የሚል ሰው ሲኖር «ዜሮዋ ትወፍር» እንደሚል። ካሳነሽ ያችን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ቀትር ሆነ። ማዕረግ አማትባ ቆረሰች፤ ሥሩን ቀድማ።

«ትንሽ አሯል» አለች።

«ማረር አለበት» አለች ካሳነሽ።

ከሰዓት ልጅቷን ወደ ዘመሮ ሸኝታ ቤት ስትገባ ቢተው ሽመናው ላይ ነው። ቀና አላለም።

«ዳቦዬስ?»

«ዘንድሮ ባለቤቱ በላው።»

«ይሁን እንግዲህ። ሙግቱን ማን ረታ?»

«እኔ።»

ቢተው መወርወሪያውን አንድ ጊዜ ወረወረ፤ መልሶ ተቀበለው። «ረቡዕ እኮ ነበር» አለ።

ካሳነሽ መዝጊያውን እንደያዘች ቆመች። «አይተኻል?»

«ፊት ለፊት ነበርኩ አላልኩሽም? ስትሰጪው አየሁ። እኔም ርቦኝ ነበር፤ ለኔ በሰጠች እያልኩ ነው ያየሁት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መጋገር ትተይ ነበር» አለ ቢተው። «እኔ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ያቺ ዳቦ ትደርሰኛለች።»

ካሳነሽ በርጩማዋን ስባ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንዝርቷን አነሣች።

«የሚመጣው ዓመት መስከረም ሁለት ቅዳሜ ነው የሚውለው» አለች። «ጾም አይደለም። በጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ዜሮዋ የነበረችበት ቆመህ ታሳየኛለህ።»